ካደጉ በኋላ ክራር መማር

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ክራር ነው። የሙዚቃ ተማሪ አይደለሁም፤ እንደ እናንተው ጋዜጠኝነት ነው የማጠናው። «ታዲያ ክራር ከየት መጣ?» ለምትሉኝ፣ ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ቡለቲናችን ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንደኛ ዓመት ሳለን «አንድ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩና ጽፋችሁ አምጡ» ተባልን። እኔም በተከራየሁበት ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሸምገል ያሉ ክራር ተጫዋች አገኘሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልወደዱ እዚህም ላይ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አጫወቱኝ፣ ሻይ ጋበዙኝ፣ በመጨረሻም ክራራቸውን ከግድግዳው አውርደው አንድ ነገር ተጫወቱልኝ። ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ ነበር። ጽሑፉ ለሰኞ ስለሚፈለግ ማታውኑ ቁጭ ብዬ «ጋሼ በትዝታ ቅኝት ሲጫወቱ ጊዜ የቆመ መሰለኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ግንቦት ላይ ወጣ። ጓደኞቼም አደነቁልኝ።

ደስ ብሎኝ አንድ ቅጂ ይዤላቸው ሄድኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ፣ እሱ እኮ ትዝታ አይደለም። ባቲ ነው።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ያዘነ ስለመሰለኝ ነው» አልኩ።

«የየት አገር ልጅ ነኝ ነበር ያልሽኝ?»

«የደሴ።»

ከት ብለው ሳቁ። «የወሎ ልጅ ሆነሽ ባቲን ትዝታ ትይዋለሽ?»

ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሠራውን ሥራ ስሙን እንኳ በቅጡ ሳልጠይቅ ጽፌ አሳተምኩ። ስወጣ «ይህን ነገር እንዴት ነው የምለየው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በወሬ አይለይም። ቅዳሜ ነይ» አሉኝ። ይኸው ሄድኩ። አሁን አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ምኑ ነው የሚከብደው?

«ካደጉ በኋላ ሙዚቃ አይገባም፣ ጣት ይደርቃል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሞክሬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጣት ይታዘዛል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። የሚከብደው ሁለት ነገር ነው፤ ሐፍረትና ጆሮ።

ሐፍረቱ ግልጽ ነው። ሕፃን ልጅ ቆርቆሮ ሲደበድብ ቢውል ቅር አይለውም። እኛ ግን ጥሩ ክራር ምን እንደሚመስል እያወቅን የራሳችንን መጥፎ ክራር ቁጭ ብለን መስማት አለብን። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሌ ውስጥ ስለማመድ አከራያችን እትዬ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ምን ወደቀ?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልወደቀም፤ እየተለማመድኩ ነበር። እናቴ ደግሞ በስልክ ሰምታ «ትምህርትሽን ትተሽ አዝማሪ ልትሆኚ ነው እንዴ?» አለችኝ። አዝማሪነት እንደ ስድብ ይቆጠርበት የነበረውን ዘመን ታስታውሳለች። በልማድም ከሁለቱ ዘመዳሞች በገና ለምስጋናና ለጸሎት ሲሆን ክራር ለፍቅርና ለጨዋታ ስለሆነ፣ ክራር የያዘ ልጅ ወላጅ ፊት ትንሽ ያሳፍራል።

የጆሮውን ነገር ለማስረዳት ግን ክራሩ እንዴት እንደሚሠራ መናገር ይኖርብኛል።

ክራር እንዴት ይሠራል?

ክራር ከታች ገበቴ አለው፤ ከእንጨት የተፈለፈለ ወይም ሳህን መሰል ነገር ሆኖ ቆዳ ይወጠርበታል። ከገበቴው ሁለት ቋሚ እንጨቶች ይወጣሉ፣ ጫፋቸው ላይ ቀንበሩ ይጋደማል። ክሮቹ ከገበቴው ግርጌ ተነሥተው ቆዳው ላይ በተቀመጠችው ብርኩማ በኩል አልፈው ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። ክሩ ድሮ ከእንስሳ ጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም የብረት ሽቦ ነው። ብዙውን ጊዜ ስድስት ክር አለው። አምስት ክር ያለውም አለ፤ አሁን አሁን መድረክ ላይ የምናየው ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊኖረው ይችላል።

ጊታር ወይም ዩኩሌሌ የሞከራችሁ ልዩነቱ ቶሎ ይገባችኋል። ዩኩሌሌ አራት ክር ብቻ ነው ያለው፤ ግን አንገቱ ላይ ክሩን በጣት እየተጫናችሁ ከአንዱ ክር ብዙ ድምፅ ታወጣላችሁ። ክራር አንገት የለውም። አንድ ክር አንድ ድምፅ ነው። በስድስቱ ክሮች አምስት የተለያዩ ድምፆች ታገኛላችሁ፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ በኦክታቭ ይደግመዋል። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው።

ይህ ለጀማሪ ትልቅ በረከት ነው። ክራሩ በትክክል ከተቃኘ የትኛውንም ክር ብትነኩ ከቅኝቱ አትወጡም። በደንብ ያልተጫወታችሁት እንኳ ዘፈን ዘፈን ይሸታል። በዚያው ልክ ፈተናውም እዚህ ጋ ነው፤ ክራሩ ካልተቃኘ ጣታችሁ የቱንም ያህል ቢፈጥን የሚያድናችሁ ነገር የለም። ጊታር ላይ መዝሙሩን የሚሠራው ጣት ነው፤ ክራር ላይ ግን ግማሹ ሥራ ገና መጫወት ሳይጀመር በጆሮ ያልቃል።

ቅኝት

ጋሼ መጀመሪያ ያሉኝ «አንጎራጉሪ» ነው። ምን እንደማንጎራጉር ግራ ገባኝ። «የፈለግሽውን። ድምፅሽ የት እንደሚያርፍ ልስማ።» አንድ ነገር እምምም አልኩ፤ የመጀመሪያውን ክር በዚያ ድምፅ ቃኙት። ለካ የክራር መነሻ ድምፅ በአንድ ቦታ የተቸነከረ አይደለም፤ የሚዘፍነውን ሰው ጉሮሮ ይከተላል። ሌሎቹ ክሮች ከዚያ እየተለኩ ይቃኛሉ። ዋናው ነገር የአንዱ ክር ድምፅ ከሌላው ያለው ርቀት ነው፤ ያ ርቀት ሲቀየር ቅኝቱ ይቀየራል።

በብዛት የሚጠቀሱት ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ሁለቱ የእኛ አገር ስሞች ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን፣ ከሐይቅ ወዲያ ያለው ተራራማ አገር ነው። በልጅነቴ በመኪና ያለፍኩባቸውን ቦታዎች እንደ ድምፅ የማወቅ ዕድል ያገኘሁት አዲስ አበባ መጥቼ ነው።

በሙዚቃ ትምህርት ቤት ቋንቋ ሲጻፉ አራቱ እንዲህ ናቸው። «ፍላት» ያልኩት ግማሽ ድምፅ የወረደውን ነው።

ትዝታ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ
ባቲ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ
አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት
አንቺ ሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ

ትዝታና ባቲ «ማይነር» የሚባል ሌላ መልክም አላቸው። ለምሳሌ ከላይ ካለው ትዝታ ላይ ሚንና ላን ግማሽ ግማሽ ድምፅ ብታወርዱ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሁለት ክር ብቻ ነው የሚላላው፤ የዘፈኑ ጠባይ ግን ጨርሶ ይለወጣል። ይህን መጀመሪያ ጋሼ ሲያሳዩኝ ሌላ ክራር ያነሡ ነው የመሰለኝ።

ክራር የሌለው ሰው እንኳ ትዝታን አሁኑኑ መስማት ይችላል። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ አውርዱና ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ንኩ። ሦስት ሦስት ሆነው ከተደረደሩት በስተግራ ካለችው ጀምራችሁ ወደ ቀኝ አምስቱን በተራ ብትመቱ ትዝታ ነው።

አሁን ወደ እኔ ስሕተት ልመለስ። «ትዝታ» የሚለው ቃል አማርኛ ላይ ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያለፈን ማስታወስ፣ ናፍቆት። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ድምፃዊ በየራሱ ግጥም የሚዘፍነው የታወቀው የዘፈን ዓይነት። ሦስተኛ ቅኝቱ፣ ማለትም የአምስቱ ድምፆች ርቀት። እኔ ሆዴን ሲያባባኝ የመጀመሪያውን ሰምቼ ሦስተኛውን ጻፍኩ። በትዝታ ቅኝት የሚያስጨፍር ዘፈን ሞልቷል፤ በባቲም የሚያስለቅስ አለ። ሐዘንና ቅኝት አንድ አይደሉም።

በጆሮ ለመለየት እኔን የረዳኝ ይህ ነው። ከላይ የጻፍኩትን ትዝታ ስትሰሙ ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚቀመጡ ሁለት ድምፆች የሉም፤ ሁሉም በመካከላቸው ፈታ ያለ ቦታ አላቸው። ባቲ ላይ ግን ሚና ፋ ይነካካሉ፣ ሲም ከላይኛው ዶ ጋር ይነካካል። እዚያ ቦታ ላይ ዜማው ትንሽ የሚያሳክክ፣ ሊደርስ ሲል የሚዘገይ ነገር አለው። ያንን አንድ ጊዜ ከለያችሁት አይጠፋችሁም። እኔን ግን ለመለየት አራት ወር ፈጀብኝ።

ስልኬ ላይ መቃኛ መተግበሪያ ጭኜ ነበር። ክሩ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ያበራል። አንድ ቅዳሜ በእሱ ቃኝቼ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አንድ ጊዜ ገረፍ አደረጉትና «ማን ነው የቃኘው?» አሉ። «ስልኬ» ስላቸው አንዷን ክር በጣም በትንሹ አጠበቋት። አረንጓዴው ጠፋ፤ ድምፁ ግን አማረ። መተግበሪያው የሚለካው በፒያኖ ልክ ነው። የቆዩ ተጫዋቾች ደግሞ በጆሯቸው የሚያውቁት ልክ አላቸው፣ ሁልጊዜም ከፒያኖው ጋር አይገጥምም። እንግዲህ ስልኩን ለመነሻ ተጠቀሙበት፤ ለመጨረሻው ግን ጆሮን የሚተካ አላገኘሁም።

እጅ

ቁጭ ብላችሁ ክራሩን ታፋችሁ ላይ ታስደግፋላችሁ። ግራ እጅ ከክሮቹ ኋላ ይገባል፤ ቀኝ እጅ ከፊት ነው። አጨዋወቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ መደርደርና መግረፍ።

ስትደረድሩ ጣቶቻችሁ ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ። እያንዳንዱ ጣት የራሱ ክር አለው፤ ክሩ ስድስት ጣቱ አምስት ስለሆነ ግን አንዱ ጣት ሁለት ክር ይጠብቃል። ይህ ለስላሳው፣ ለብቻ ለሚያንጎራጉር ሰው የሚሆነው ነው።

ስትገርፉ ደግሞ ቀኝ እጅ ከቆዳ ወይም ከፕላስቲክ በተቆረጠች መግረፊያ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠርጋል። «ታዲያ ሁሉም ከጮኸ ዜማው ከየት ይመጣል?» ብዬ ነበር። ምስጢሩ ግራ እጅ ጋ ነው። የግራ ጣቶች ክሮቹን ነካ አድርገው ያፍኗቸዋል፤ እንዲሰማ የምትፈልጉትን ክር ብቻ ትለቃላችሁ። ስለዚህ ዜማውን የምታወጡት ጣት በማንሳት ነው። ለአንድ ወር ያህል ጭንቅላቴ ይህን እንቢ አለ፤ ጣቴን ማሳረፍ ሲገባኝ አነሣለሁ፣ ማንሳት ሲገባኝ አሳርፋለሁ። አንድ ቀን ግን ሳላስበው መጣ። ከዚያ በኋላ አከራያችን በሩን አላንኳኩም።

ለመጀመር ለምታስቡ

አንደኛ፣ ክራር ስትገዙ ጌጡን አትዩ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ከአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው፤ ዛጎልና ቀለም የበዛበት፣ ለግድግዳ የተሠራ። ቀንበሩ ላይ ክሩን የሚይዘው ጥምጥም ስለሚንሸራተት አንዱን ቃኝቼ ሌላው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ወርዷል። ገንዘቤንም ሁለት ወሬንም በላ። የሚጫወት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ክሩ ተወጥሮ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ቅኝቱን መያዙን ያይላችሁ።

ሁለተኛ፣ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ። ከዚያ ውስጥ አምስቱን ለመቃኘት ብቻ ስጡ። ሆን ብላችሁ ክሮቹን አላሉና እንደገና ቃኙ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጆሮዬን የከፈተልኝ እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ክረምት ላይ ተስፋ አትቁረጡ። እርጥበት ሲበዛ ቆዳው ይላላል፣ ክሩም ይወርዳል። ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ክራሩን ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት።

አራተኛ፣ ስሙ። የካሳ ተሰማን ክራር ስሙ። በ2004 ዓ.ም. ያረፈችውን ተዋናይትና ድምፃዊት አስናቀች ወርቁን ስሙ፤ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የአልበም ተከታታይ 16ኛ ቁጥሩን ለእሷና ለክራሯ ሰጥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ጠለቅ ብሎ መማር ለሚፈልግ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር ያስተምራል። እንደ እኔ ለግል ለሚጀምር ግን አንድ የሚያውቅ ሰውና አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

አምስተኛ፣ ሰው ፊት ተጫወቱ። ለፋሲካ ደሴ ስሄድ ክራሬን ይዤ ሄድኩ። እናቴ ጓዳ ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ባቲ እየሞከርኩ ነው። እንደማትሰማኝ ነበር የቆጠርኩት። ድንገት ከጓዳ «ያቺ መካከለኛዋ ወርዳለች» አለችኝ። ነካሁት፤ እውነትም ወርዳለች። እናቴ ክራር በእጇ ነክታ አታውቅም። ግን ዕድሜ ልኳን በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በሬዲዮ ስትሰማው ኖራለች። «እንዴት አወቅሽ?» ብላት «ምኑ ይታወቃል፣ ይሰማል እንጂ» ብላ ሽንኩርቷን ቀጠለች። አዝማሪነቱንም ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም።

ይህን ለምን ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች እጽፋለሁ? ክራር ተጫዋች ካልሆናችሁ ስለ ክራር አትጻፉ ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ስለ ምንም ልንጽፍ አንችልም። ግን እኔ ጋሼ ቤት ባለፈው ዓመት አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቅኝት ምን ይባላል?» ብል ኖሮ፣ በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር። ያልጠየቅኩት የማውቅ መስሎኝ ነው፤ ትንሽም፣ የወሎ ልጅ ሆኜ አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው። ክራር ያስተማረኝ ይህንን ፍርሃት ነው መተው። በየቅዳሜው የማላውቀውን እየጠየቅኩ፣ እየተሳሳትኩ፣ እየተሳቀብኝ እመለሳለሁ። እስካሁን አንድም ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ሳልሳሳት አልተጫወትኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ምንም ሳይሉ ክራራቸውን አንስተው ያንኑ የዱሮውን ዜማ ተጫወቱ። ሲጨርሱ አዩኝ። «ባቲ» አልኩ። «እህ» አሉና ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ።

ስለዚህ አንድ ዓመት የዘገየ ቢሆንም፦

እርማት፦ ባለፈው ዓመት የግንቦት ቡለቲን በእኔ ስም በወጣው ጽሑፍ ላይ «ጋሼ በትዝታ ቅኝት ሲጫወቱ» የሚለው «ጋሼ በባቲ ቅኝት ሲጫወቱ» ተብሎ ይነበብ። ጋሼንና አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቸር ይግጠመን።